የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በአዊ ተማሪ እጅ

መዝገበ ቃላት የሚመዘነው በያዘው የቃል ብዛት ብቻ አይደለም። ማን እንደሚገልጠው፣ ለምን እንደሚገልጠውና ምን ይዞ እንደሚዘጋውም መጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የምንመዝናቸው በተለምዶ በትምህርት ቤቶቻችን የሚታወቁትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ በዐይኑ የምናይላቸው ተጠቃሚ ደግሞ አፉን በአውጚ የፈታ፣ አማርኛን ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛን ሦስተኛ አድርጎ የሚማር የአዊ ዞን ተማሪ ነው።

በእንጅባራ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ትምህርት ስንከታተል ካየነው እንጀምር። በሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቁስ አካል የሚገኝባቸውን ሦስት ሁነቶች ጥቀሱ» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ስቴት» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ መጀመሪያ «ጥቀስ» የሚል ፍች ያለው ግሥ ሆኖ፣ ኋላ «ሁነት» የሚል ፍች ያለው ስም ሆኖ። አንዲት ተማሪ ከቦርሳዋ አነስተኛ መዝገበ ቃላት አውጥታ ቃሉን ፈለገች። በመጀመሪያ ያገኘችው ፍች «መንግሥት» የሚል ነበር። ጥቂት አሰበችና መጽሐፉን መልሳ ከተተችው። አውጚ ተናጋሪ የሆኑት መምህር ጥያቄውን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ባስረዷት ጊዜ ግን ስለ ውኃ፣ ስለ እንፋሎትና በደጋው ማለዳ ሣሩን ስለሚያነጣው አመዳይ ሳትደናቀፍ ተናገረች። ኬሚስትሪውን ታውቀው ነበር። ያሰናከላት በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ እንኳ ልታገኘው ያልቻለችው የትእዛዝ ቃል ነው።

ይህ የአንዲት ተማሪ ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ከመዝገበ ቃላቱ አሠራር የሚመነጭ በመሆኑ የእኛ የሙያ ጉዳይ ነው።

ሀ. የተማሪው የቋንቋ መንገድ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የአዊ ዞን ነዋሪ 982,942 ነበር። ከዚህ ውስጥ 59.8 በመቶ ያህሉ አዊ መሆኑ ሲመዘገብ፣ አውጚን አፍ መፍቻው ያደረገው ግን 45 በመቶ ያህል ነበር፤ አማርኛ የ53 በመቶ ያህሉ አፍ መፍቻ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዞን፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ እንግሊዝኛን ከአማርኛ ተነሥቶ የሚማርና ከአውጚ ተነሥቶ የሚማር ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ማለት ነው። አማርኛ በሰፊው በሚነገርበት በዳንግላ ከተማ ያደገው ልጅና ከገጠር ቀበሌ የመጣው ልጅ አንድ ዓይነት መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ፤ የሚያገኙት ግን አንድ አይደለም።

የትምህርት ቋንቋ ታሪካችን ለአውጚ በሩን የከፈተው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የአዊ ልጅ ፊደልንም ሒሳብንም በሁለተኛ ቋንቋው ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርት ደረጃ በደረጃ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ አውጚ ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። የማስተማሪያ ጽሑፎቹን በማዘጋጀት ረገድ የቋንቋ ምሁራን ድርሻ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፣ ይህ ክፍተት የሙያ ጓደኞቻችንም ውዝፍ ዕዳ መሆኑን መቀበል ይኖርብናል። አውጚ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ወደ ክፍል የገባው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የብሔረሰቦች ቋንቋዎች ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገለግሉ ከፈቀደ በኋላ ነው። ይኸው ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ በማስተማሪያ ቋንቋነት እንዲያገለግል ደንግጓል።

ስለዚህ በአውጚ የጀመረው ተማሪ ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ አንድ ጊዜ ከአውጚ ወደ አማርኛ፣ ሌላ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ። የሁለተኛው መሻገሪያ መሣሪያ የሆነው መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው መሻገር ተጠናቋል ብሎ ይነሣል። ይህን ግምት ማንም መርምሮ አላጸደቀውም፤ በመጽሐፉ አቀማመጥ ውስጥ ግን ተደብቆ ይኖራል።

ለ. የመዝገበ ቃላቱ ብርታትና ጉድለት

በቅድሚያ ለቀደሙት የሚገባቸውን ምስጋና እንስጥ። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለብዙ ትውልድ ተማሪ የቅርብ ረዳት ሆኗል። በዚያው ዓመት በቪስባደን የታተመው የቮልፍ ሌስላው ሥራ ደግሞ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ ከነአማርኛ ትርጉሙ ማቅረቡ እስከ ዛሬ በአርአያነት የሚጠቀስ ነው። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የአማርኛን ሙያዊ ቃላት በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች አስረክቧል። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ የአሁኑ ትችታችን መነሻ ባልኖረው ነበር።

ይሁን እንጂ ሦስቱም ለዚህች ተማሪ አልተጻፉም። ሌስላው የመረጣቸው ዐረፍተ ነገሮች በብዛት የዕለት ተዕለት ኑሮ ንግግር ናቸው፤ የመጽሐፉም ግዝፈት በገጠር ተማሪ ቦርሳ የሚያዝ አይደለም። የሳይንስና ቴክኖሎጂው ጥራዝ እንደ ዓላማው በሙያዊ ቃላት ላይ ያተኮረ ስለ ሆነ፣ «ጥቀስ»፣ «አነጻጽር»፣ «ይሁን እንጂ» የመሳሰሉት ከድንበሩ ውጭ ይቀራሉ። በተማሪዎች እጅ የሚዘዋወሩት አነስተኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በተለምዶ የአማርኛ አቻዎችን በነጠላ ሰረዝ እየለዩ ደርድረው ምርጫውን ለአንባቢው ይተዋሉ።

የጉዳዩ ሥር ያለው በዚህ ድርደራ ላይ ነው። ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፊት አራት የአማርኛ አቻ ተደርድሮ ሲገኝ፣ የሚስማማውን ለመምረጥ አራቱን የአማርኛ ቃላት በልክ በልካቸው ማወቅ ያስፈልጋል። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው። የአውጚ ተናጋሪው ልጅ ግን እንግሊዝኛውን ሊረዳ ገብቶ የአማርኛ ፈተና ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ዝርዝር አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ሊሆነው ይችላል፤ ለማያውቅ ሰው ግን እንደ ፍች ሊያገለግል አይችልም።

ሐ. የሚያሰናክሉት ቃላት የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ጊዜ የምንደክመው ለሙያዊ ቃላት ነው። «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለው ስያሜ ትክክል ነው አይደለም እያልን እንከራከራለን። ነገር ግን ይህን የመሰለው ቃል በመማሪያ መጽሐፉ ይበየናል፣ በሥዕል ይታያል፣ በመምህሩ ይደጋገማል። ለአዊም ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ እኩል አዲስ ነው፤ እኩልም ይማሩታል። ልዩነት የሚፈጥሩት ማንም የማይበይናቸው ሌሎች ሦስት ወገኖች ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን የትእዛዝ ቃላት ናቸው። «ስቴት»፣ «ዲስክራይብ»፣ «ኤክስፕሌን» የሚሉት ሦስት ግሦች በክፍል ውስጥ ሁሉም «ግለጽ» ተብለው ሲተረጎሙ ይሰማል። ፈታኙ ግን የሚፈልገው ሦስት የተለያየ መልስ ነው፤ በመጀመሪያው አጭር ጥቅሻ፣ በሁለተኛው የነገሩን መልክና ጠባይ፣ በሦስተኛው ምክንያቱን። ተማሪው ምክንያት በተጠየቀበት መልክ ቢዘረዝር ዕውቀት እያለው ነጥብ ያጣል። እኛ የምናቀርበው ድልድል ለመጀመሪያው «ጥቀስ»፣ ለሁለተኛው «ግለጽ»፣ ለሦስተኛው «አብራራ»፣ «ዲፋይን» ለሚለው ደግሞ «በይን» ቢጸና የሚል ነው። ቃላቱ አዲስ አይደሉም። አዲስ የሚሆነው በሁሉም መጽሐፍ፣ በሁሉም ክፍል ሳይለዋወጡ ማገልገላቸው ነው።

ሁለተኛው ወገን በገበያ አንድ፣ በክፍል ሌላ ፍች ያላቸው ቃላት ናቸው። ልጁ «ቴብል» ጠረጴዛ መሆኑን በታችኛው ክፍል ተምሯል፤ በሒሳብ መጽሐፉ ግን ሰንጠረዥ ነው። «ሶሉሽን» በሒሳብ መፍትሔ ሲሆን በኬሚስትሪ ሙሙት ነው። «ቮልዩም» በሬዲዮ ድምፅ፣ በመጽሐፍ ቅጽ፣ በሒሳብ ይዘት ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ የሚፈጥረውም ችግር አለ። «የጦር ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል»፣ «ታዳሽ ኃይል» ስንል በአንድ ቃል የምንጠራውን የፊዚክስ መጽሐፍ «ፎርስ»፣ «ፓወር»፣ «ኤነርጂ» እያለ በሦስት ይከፍለዋል። ጉልበት፣ ዐቅምና ኃይል የሚሉት ቃሎቻችን ሁሉም ከዕለት ቋንቋ የተወሰዱ ስለ ሆኑ ድንበራቸው የሚጠበቀው በብያኔ ብቻ ነው። ብያኔ የሌለው አቻ ለተማሪው ሦስቱንም መልሶ ያደባልቅበታል።

ሦስተኛው ወገን አያያዥ ቃላት ናቸው፤ «ስለዚህ»፣ «ምንም እንኳ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» የሚሉት የእንግሊዝኛ አቻዎች። እነዚህ ሲጠፉ ተማሪው በአንቀጹ ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ቢያውቅ እንኳ የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል። መዝገበ ቃላት እነዚህን በአንድ መስመር ያልፋቸዋል፤ በዐረፍተ ነገር ካልታዩ ግን ምንም አይናገሩም።

በካናዳ የሚሠሩት ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የዕለት መግባቢያ ቋንቋን ከትምህርት ቋንቋ ለይተው ማሳየታቸው ይታወቃል። ከሌላ አገር መጥተው በእንግሊዝኛ በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረጉት ጥናቶች የመጀመሪያው በሁለት ዓመት ገደማ ሊገኝ ሲችል ሁለተኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት እንደሚወስድ አመልክተዋል። ይህም እንግሊዝኛን በጎዳና፣ በጨዋታና በሱቅ ለሚሰማ ልጅ ነው። የአዊ ልጅ በዳንግላ ገበያ አማርኛና አውጚ እንጂ እንግሊዝኛ አይሰማም። ከክፍሉ ሲወጣ ቋንቋው አብሮት ስለማይወጣ፣ ከመማሪያ መጽሐፉና ከመዝገበ ቃላቱ ሌላ መምህር የለውም ማለት ይቻላል።

መ. አውጚ ምን ያቀርባል?

በክፍል ውስጥ አውጚ ከተነሣ እንግሊዝኛው ይዳከማል የሚል አስተያየት ይሰማል። የቋንቋው ጠባይ ግን ሌላ ይመሰክራል። የቋንቋውን ስም እንውሰድ። በ«አውጚ» ውስጥ ያለው «ጚ» ከ«ጘ» ዘር የሆነ፣ በሰርን የሚነገር ድምፅ ነው፤ «ሁለት» ማለት በሆነው «ላጛ» ውስጥም ይገኛል። አማርኛ ይህን ድምፅ ራሱን አስችሎ ስለማይለይ አማርኛ ተናጋሪው የእንግሊዝኛውን ድምፅ «ን» እና «ግ» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የአዊ ልጅ ግን ድምፁን ከእናቱ ተቀብሎታል። እንደዚሁም «ፐ» በአማርኛ በብዛት በውሰት ቃላት የሚገኝ ሲሆን በአውጚ «አንድ» ማለት በሆነው «እምፕል» ውስጥ ይገኛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ታስቦ የተጻፈ የአነጋገር መምሪያ የአዊን ልጅ የሚያውቀውን እያስጠና ሊያደክመው ይችላል።

በአንጻሩ የሚከብደው ነገር በሌላ በኩል ነው። አውጚና አማርኛ በዐረፍተ ነገር አወቃቀር ይቀራረባሉ፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ገላጩም ከስሙ ይቀድማል። «ከቅጠል የሚተነው ውኃ» ስንል ውኃው የሚገኘው በመጨረሻ ነው። በእንግሊዝኛ ውኃው ቀድሞ ይመጣና የሚገልጸው ሐረግ ይከተላል። ተማሪው የለመደውን ይዞ ዋናውን ስም ከሐረጉ መጨረሻ ሲፈልግ ቅጠሉን ያገኛል፤ የሚተነውም ቅጠሉ ይመስለዋል። ይህን ልዩነት በአንድ ምሳሌ በአፍ መፍቻው ቋንቋ ማስረዳት አሥር የእንግሊዝኛ መልመጃ ከማሠራት ይቀላል። ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ደቡብ አገው ግሥ፣ ዮስቪግም በ2010 ስለ አውጚ ሥነ ድምፅ ያሳተሟቸው ጥናቶች ለእንዲህ ያለው ንጽጽር በቂ መነሻ ይሆናሉ። ጥናቶቹ ግን ከምሁራን መደርደሪያ ወርደው ወደ መምህሩ መምሪያ አልገቡም።

ሠ. ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ አውጚ ሙያዊ ቃላት የሉትም የሚል ነው። ይህ ማስረዳትን ከመሰየም ጋር የሚያደባልቅ አስተያየት ነው። ለ«ኦክስጅን» የአውጚ ስያሜ መፍጠር ግዴታ አይደለም፤ አማርኛም አልፈጠረለትም። ኦክስጅን ምን እንደሚያደርግ በአውጚ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ግን ይቻላል፤ መምህራኑም በየቀኑ በቃል የሚያደርጉት ይኸው ነው። እኛ የምንጠይቀው በቃል የሚደረገው በጽሑፍ እንዲጸና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንግሊዝኛን ከታች ክፍል አጠንክሮ መስጠት ይሻላል የሚል ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠት ከጀመረ 30 ዓመት አልፏል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት «ፕላዝማ» በተባለው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። ስክሪኑ ግን ቆም ብሎ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት በቋንቋ ብቻ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ የመምህራን ሥልጠና፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የሰላም መታጣት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ እስከ ሆነ ድረስ የጥያቄውን ቋንቋ ያልተረዳ ተማሪ ስለ ሌላው ነገር ያለውን ዕውቀት ማሳየት እንደማይችል መካድ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ያለ መምህር በቤቱ ለሚቀር ልጅ ደግሞ የሚገባው መጽሐፍ በእጁ መኖሩ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጪው ነው። እኛ የምናስበው ታላቅ ጥራዝ አይደለም።

ረ. የምናቀርበው ሐሳብ

ከ9ኛ ክፍል በፊት በተማሪው እጅ የሚገባ፣ በደብተር መጠን የተዘጋጀ ባለ ሦስት ቋንቋ የትምህርት ቤት መፍቻ ይዘጋጅ እንላለን። በውስጡ 40 ያህል የትእዛዝ ቃላት፣ 40 ያህል አያያዥ ቃላትና 200 ያህል ፍችያቸው ከገበያ ወደ ክፍል የሚለወጥ ቃላት ቢካተቱ ለመጀመሪያ ይበቃል። ሙያዊ ቃላት በየትምህርቱ ሊከተሉ ይችላሉ።

አዘገጃጀቱን በተመለከተ አራት መመሪያዎች እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ ዋናው ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ ይቅረብ፤ ዐረፍተ ነገሩም ከትምህርት ወይም ከፈተና ቋንቋ የተወሰደ ዓይነት ይሁን። ሁለተኛ፣ ለአንድ ፍች አንድ የአማርኛ አቻ ብቻ ይሰጥ፤ ቃሉ ሁለት ፍች ካለው ሁለት መግቢያ ይኑረው። «ስቴት» የሚለው ቃል «ጥቀስ»ን በአንድ ቁጥር፣ «ሁነት»ን በሌላ ቁጥር ይያዝ፤ «መንግሥት» ለዜግነት ትምህርት ይቆይ። ሦስተኛ፣ በአውጚ የሚሰጠው ነጠላ አቻ ሳይሆን አጭር ማስረጃ ይሁን። ይህንንም እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን ልንጽፈው አይገባም፤ በእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የቋንቋው ባለቤቶች ከክፍል መምህራን ጋር ቢጽፉት ይበጃል። አራተኛ፣ ከመታተሙ በፊት በተማሪዎች ይፈተን። ፈተናውም «ቃሉን ታውቀዋለህ ወይ?» የሚል ሳይሆን፣ መፍቻውን ገልጦ ጥያቄውን መመለስ መቻሉን የሚያይ ይሁን።

የእኛ ድርሻ የአማርኛውን ዓምድ ማጽናት ነው። የትእዛዝ ቃላቱ አቻ በየመጽሐፉ እየተለዋወጠ እስካለ ድረስ የአውጚው ማስረጃ የሚያርፍበት መሬት አያገኝም። ስለዚህ ከላይ ያቀረብነውን የ«ጥቀስ»፣ «ግለጽ»፣ «አብራራ» እና «በይን» ድልድል አንባቢያን እንዲመረምሩት፣ የተሻለ ያለው እንዲያቀርብ፣ በየክልሉ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችንም አስተያየታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን። አራት ግሦችን ማጽናት ትንሽ ሥራ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ መጽሐፏን መልሳ የከተተችው ተማሪ ግን የጎደላት ከእነዚህ አንዱ ነበር።